ማርሎን ግሪን፦ ለአብራሪነት ስድስት ዓመት የተሟገተው ሻምበል

ሻምበል ማርሎን ግሪን በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከአሜሪካ አየር ኃይል ሲሰናበት በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ከ3,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብርሯል፤ ጃፓን ተመድቦም ውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን የነፍስ አድን በረራ አካሂዷል። ይህን ያህል ልምድ ያለው ነጭ አብራሪ ሥራ ለማግኘት ብዙ ደጅ አይጠናም ነበር። ግሪን ግን ጥቁር ነበር።

የተወለደው በ1929 በአርካንሶ ክፍለ ግዛት፣ ኤል ዶራዶ ከተማ ነው። በወጣትነቱ የካቶሊክ ቄስ ለመሆን ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ አልሰመረለትምና በ1948 አየር ኃይል ገባ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን የዘር ልዩነት ከጦሩ እንዲወገድ አዘዙ። የመንገደኞች አየር መንገዶች በር ግን እንደተዘጋ ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቱስኪጊ የሠለጠኑት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ጥቁር አብራሪዎች እንኳ ከጦርነቱ በኋላ ታላላቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ቦታ አላገኙም።

ግሪን ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ አመለከተ። ቅጹ የአመልካቹን ዘር ይጠይቃል፤ ጉርድ ፎቶግራፍም ይፈልጋል። እሱ የዘሩን ቦታ ሳይሞላ፣ ፎቶውንም ሳያያይዝ ላከው። ድርጅቱ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ዴንቨር ጠርቶ በበረራ ፈተነው። ሥራው የተሰጠው ግን ከእሱ ያነሰ የበረራ ሰዓት ላላቸው ነጮች ነበር።

ግሪን በዘሩ በተከለከለበት በዚያው በ1957 ግን አገራችን ውስጥ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆነዋል። አየር መንገዳችንን በሥራ አመራር ያግዝ የነበረው ደግሞ የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ነው።

ግሪን አቤቱታውን ለኮሎራዶ ፀረ አድልዎ ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑ በ1958 ድርጅቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ ግሪን ወደ ሥልጠና እንዲገባ አዘዘ። ኮንቲኔንታል ይግባኝ አለ። መከራከሪያው ብልጠት ነበረበት፦ አውሮፕላኖቼ ብዙ ክፍለ ግዛቶችን ያቋርጣሉ፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የቅጥር ሕግ ቢያወጣብኝ የትኛውን ልከተል? የኮሎራዶ ፍርድ ቤቶች ይህን ተቀብለው ለድርጅቱ ፈረዱ። ግሪን ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ለማስተዳደር ያገኘውን ሥራ እየሠራ፣ ጠበቃው ቲ. ሬበር ቴይለር ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን ወሰደ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 22 ቀን 1963 በሙሉ ድምፅ ለግሪን ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት በአንድ ወቅት የዘረኛው ቡድን የኩ ክሉክስ ክላን አባል የነበሩት ዳኛ ሁጎ ብላክ ናቸው። በዘር ማዳላትን የሚያስገድድ ሕግ በየትኛውም ክፍለ ግዛት ሊጸና ስለማይችል፣ ሕጎች እርስ በርስ ይጋጩብኛል የሚለው የኮንቲኔንታል ስጋት መሠረት የለውም አሉ።

የድሉ ፍሬ ቀድሞ የደረሰው ለሌላ ነበር። የቀድሞው የአየር ኃይል አብራሪ ዴቪድ ሃሪስ በ1964 መጨረሻ በአሜሪካን አየር መንገድ ተቀጠረ። ግሪን ኮንቲኔንታል የገባው በ1965 ነው። በዓመቱ ካፒቴን ሆነ፤ እስከ 1978 በረረ፤ በ2009 በ80 ዓመቱ አረፈ።

ኮንቲኔንታል በ2010 አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላኑን በግሪን ስም ሰየመ። ክብሩ ይገባዋል። ግሪንን ለአብራሪነት ወንበር ያበቃው ግን የድርጅቱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የራሱ እምቢተኝነትና የፍርድ ቤት ትእዛዝ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።