ዜና መዋዕል ዘወይዘሮ ማርግሬት፦ የማኅበረሰብ ክፍያ አዋጅ ስለ ወጣበት ዘመን

በእግዚአብሔር ስም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ወይዘሮ ማርግሬት ታቸር ያወጡት የማኅበረሰብ ክፍያ አዋጅ ለምን እንደ ወጣና ምን እንዳስከተለ እንጽፋለን። ጠላቶቻቸው የራስ ግብር ይሉታል፤ እኛ ግን አዋጁ በተሰጠው ስም እንጠራዋለን። ለእኚህ ሴት ያለንን ወዳጅነት አንደብቅም። ዘመኑን ሁሉ አንባቢ በፈረንጅ ቁጥር ይቁጠርልን።

ወይዘሮ ማርግሬት በ1925 በግራንተም ከተማ ከባለሱቁ ከአልፍሬድ ሮበርትስ ተወለዱ። ከሱቁ በላይ ባለው ቤት፣ በሚዛንና በሳንቲም መካከል አደጉ። ሜይ 4 ቀን 1979 ሥልጣን ያዙ፤ በ1982 ባሕር ተሻግረው ፎክላንድን ከአርጀንቲና እጅ መለሱ፤ በ1987 ለሦስተኛ ጊዜ ምርጫ ረቱ። ከእርሳቸው በፊት በዚያ ክፍለ ዘመን ሦስት ምርጫ በተከታታይ የረታ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበረም።

በዚያ አገር የየአካባቢው ምክር ቤት የሚተዳደርበት አሮጌ ግብር ሬትስ ይባል ነበር። በቤቱ ግምት ልክ የሚከፈል ነው። በትልቅ ቤት ብቻዋን የቀረች ባልቴት፣ አራት ደመወዝተኞች የሚኖሩበት የጎረቤቷ ቤት የሚከፍለውን ያህል ትከፍላለች። በእንግሊዝ ምድር ከ35 ሚሊዮን መራጭ ግብሩ በስሙ የሚመጣበት 18 ሚሊዮኑ ብቻ ነበረ። የቀረው በሌላው ጎተራ ይደግሳል፤ ድግሱን ላበዛለት ምክር ቤትም ድምፁን ይሰጣል። ወይዘሮ ማርግሬት ይህን አይተው ከ1974 ጀምሮ ሬትስን እሽራለሁ ሲሉ ቆይተዋል። ሐሳቡ ቅን ነበረ፤ ይህን የሚክድ የለም።

በ1985 በስኮትላንድ ቤቶች እንደ ገና ቢገመቱ የብዙው ሰው ግብር ተሰቀለ፣ የገዛ ፓርቲያቸውም ሰዎች ጮኹ። ማርች 31 ቀን 1985፣ እሑድ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር ቤት በቼከርስ ጉባኤ ሆነ። ቀኑን አንባቢ ይያዝልን። ሚኒስትሮቹ ኬኔት ቤከርና ዊልያም ዋልድግሬቭ፣ ሁሉም አዋቂ በነፍስ ወከፍ እኩል ይክፈል የሚለውን ምክር አቀረቡ፤ ወይዘሮዋም ወደዱት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኒጀል ላውሰን በዚያ ቀን አልነበሩም። ኋላ ግን ይህ ነገር የማይሠራ፣ መዘዙም የከፋ ነው ብለው በጽሑፍ አስጠነቀቁ። ጽሑፉ ከመዝገብ ገባ።

አስቀድሞ የታሰበው አዲሱ ክፍያ ከአሮጌው ጎን እያደገ በዓመታት ውስጥ እንዲተካው ነበር። በኦክቶበር 1987 ግን የፓርቲው ጉባኤ ቶሎ ይሁን አለ፤ ቶሎም ሆነ። በኤፕሪል 1988 በታችኛው ምክር ቤት ማይክል ሜትስ የሚባሉ የወገናቸው እንደራሴ ክፍያው በገቢ ልክ ይከፋፈል ቢሉ፣ መንግሥት በ25 ድምፅ ብልጫ ረታ። ከመቶ በላይ ብልጫ የነበረው መንግሥት ነው፤ ቢሆንም ረታ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ድል ግን በሰፊው እንጽፋለን። ሜይ 23 ቀን 1988 ነገሩ ወደ ላይኛው፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ወጣ። ሎርድ ቼልውድ፣ እርሳቸውም የወግ አጥባቂው ወገን፣ ክፍያው የሰውን አቅም ይመልከት የሚል ማሻሻያ ይዘው ቆሙ። መንግሥትም ወደ ባላገሩ መልእክት ላከ። በአባቶቻቸው ርስት ተቀምጠው፣ ለንደንን ከስንት አንዴ የሚያዩ ባላባቶች መጡ። ቀዩ ወንበር ሞላ፤ መተላለፊያውም ሞላ። በዚያ ዘመን በዚያ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነበረ፦ የተስማማ በአንዱ በር፣ ያልተስማማ በሌላው በር ያልፍ ነበር፤ ቆጣሪዎችም በር ላይ ቆመው አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥሩ ነበር። ያን ዕለት ቆጠራው ረዘመ። ማሻሻያውን የደገፉ 183፣ የተቃወሙ 317 ሆኑ። የራስ ክፍያ በራስ ቆጠራ ጸደቀ። ሰፊ መሬት ያላቸው ባላባቶች፣ ባላባት ከሎሌው አብልጦ አይክፈል ብለው ፈረዱ፤ እግዚአብሔር የሁሉን ልብ ያውቃል። ታላቅ ድል ነበረ።

አዋጁ በስኮትላንድ ኤፕሪል 1 ቀን 1989፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከዓመት በኋላ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ለየቤቱ ቅጽ ተላከ፤ ዕድሜው 18 የሞላ ሁሉ ስሙ እንዲጻፍበት። ተማሪውና ሥራ አጡ እንኳ ከአምስት እጅ አንዱን እንዲከፍል ታዘዘ። በለንደኑ ዋንድስወርዝ ወረዳ ለአንድ ሰው 148 ፓውንድ ብቻ ሆነ፤ ይህ የጥሩ አስተዳደር ፍሬ ነው ተባለ። መንግሥት በአማካይ 278 ይሆናል ያለው ግን 363 ሆኖ ወጣ። አንዳንዱ ቅጹን በአደባባይ አቃጠለ። ሌላው ስሙ እንዳይገኝ ከመራጮች መዝገብ ወጣ፤ ግብሩንም ድምፁንም በአንድ ላይ ተወ። የሊቨርፑል እንደራሴ ቴሪ ፊልድስ አልከፍልም ብለው በ1991 60 ቀን ተፈረደባቸው።

ማርች 31 ቀን 1990 በለንደን፣ በትራፋልጋር አደባባይ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር፤ ወደ ማታ ጭስ ታየ።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር የሆነው በየቀኑ ተጽፎ ይገኛል። በ1ኛው ቀን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሃው ከወይዘሮዋ ጋር በአውሮፓ ነገር ተጣልተው ሥልጣን ለቀቁ። በ13 ቀን በምክር ቤት ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ተናገሩ። በ14 ቀን የወገናቸው እንደራሴ ማይክል ሄስልታይን ለፓርቲው መሪነት እወዳደራለሁ አሉ፤ ክፍያውንም እንደ ገና እመረምራለሁ ብለው ቃል ገቡ። በ20 ቀን ወይዘሮዋ በፓሪስ ጉባኤ ሳሉ ድምፅ ተሰጠ፦ ለእርሳቸው 204፣ ለሄስልታይን 152። በደንቡ የሚበቃው ብልጫ በ4 ድምፅ ጎደለ። በ22 ቀን እለቃለሁ አሉ። በ28 ቀን ከዳውኒንግ ጎዳና ሲወጡ፣ በመኪናው መስኮት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ታየ። ሦስት ምርጫ ያሸነፉትን ሕዝብ አልጣላቸውም፤ የጣሏቸው ለወንበራቸው የፈሩ እንደራሴዎች ናቸው። እንደራሴዎቹን ያስፈራቸው ማን እንደ ሆነ ግን ከላይ ጽፈናል።

ተተኪው ጆን ሜጀር ክፍያውን የማፍረሱን ሥራ ለዚያው ለሄስልታይን ሰጡ። በማርች 1991 የሽያጭ ግብሩ፣ ቫት የሚሉት፣ ከ15 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ አለ፤ በዚያ ገንዘብ የእያንዳንዱ ሰው ክፍያ በ140 ፓውንድ ተቀነሰ። በ1993 በቤት ግምት የሚከፈል ግብር ካውንስል ታክስ ተብሎ ተመለሰ። ባልቴቷ ግን ብቻዋን ከሆነች ሩብ ይቀነስላታል፤ ከወይዘሮዋ ሐሳብ ይህ ተረፈ። ቫቱም ወደ 15 ሳይመለስ ዓመታት ቆየ።

ወይዘሮ ማርግሬት ኤፕሪል 8 ቀን 2013 ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በ2014 ስኮትላንድ ስለ ነጻነት ድምፅ ስትሰጥ፣ ከመዝገብ ወጥተው የቆዩ ሰዎች ተመልሰው ተመዘገቡ። አንዳንድ ምክር ቤቶችም በአዲሱ መዝገብ የ25 ዓመቱን ዕዳ ሊጠይቋቸው አሰቡ። የስኮትላንድ ፓርላማ ግን ዕዳው ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ እንዲሰረዝ አወጀ። አዋጁም ስሙን የማኅበረሰብ ክፍያ ዕዳ ይለዋል እንጂ የራስ ግብር አይለውም።