ከአዳራሽ ወደ መኝታ ክፍል
የድምፅ ቀረጻ በአዲስ አበባ ያለ መምህር እንዴት እንደ ተለመደ

በቡልጋሪያ፣ በቂርቆስ ወይም በካዛንቺስ የሚኖር ወጣት ዘፈኑን በቤቱ ራሱ ለመቅዳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ባላጋራ ጣራው ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ማይክራፎኑ ዘፋኙን ትቶ ሰማዩን ይቀዳል። ሁለተኛው ባላጋራ ግድግዳው ነው። አሮጌው የጭቃ ቤት ከአቡጀዲ ኮርኒሱ ጋር ድምፅን ስለሚውጥ ለሥራው ይመቻል፤ ባዶው የብሎኬት ክፍል ግን የተነገረውን ቃል ደጋግሞ ይመልሳል። ስለዚህ ጀማሪው ፍራሹን በግድግዳው ላይ ያቆማል፣ በበሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ እየሞከረና እየተሳሳተ የደረሰበት ነው።

ነገሩ የኮምፒዩተር ዘመን የወለደው ይምሰል እንጂ በከተማይቱ ታሪክ ውስጥ ሥር አለው። የአዲስ አበባ ዝነኛ ቀረጻዎች በርካቶቹ ለሌላ ጉዳይ በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ የተቀዱ ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት በጀርመን አገር ነበር። መሣሪያውም ባለሙያውም የውጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን በሙዚቃ ቤት ንግድ ላይ የነበሩት ወጣቱ አቶ አምሃ እሸቴ አዋጁን ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተሙ። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው በህንድ ነው። በዚህ ድፍረት ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ቀረጻው በምን ዓይነት ክፍል፣ በማን እጅ እንደ ተከናወነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ድምፃዊ የተጫወተውን ሙዚቃ የቀዳው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ባልደረባ የነበረ ስዊድናዊ ነው። ጣቢያው በመጋቢት 1977 (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት ተወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ አቶ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን ሥራ በግዮን ሆቴል ቀረጹ። ሌሊት ጭፈራ የሚካሄድበት አዳራሽ ቀን ቀን ባዶውን ስለሚውል፣ የቀረጻ ቤት ለማድረግ ጥቂት ማይክራፎኖችና አንድ ቴፕ ይበቁ ነበር።

እዚህ ላይ የሥራውን ጠባይ ማስተዋል ይገባል። ሁለት ትራክ ብቻ ባለው ቴፕ አንድ ሙሉ ባንድ ሲቀዳ፣ ዛሬ «ሚክስ» የሚባለው ተግባር ከቀረጻው በኋላ ሊፈጸም አይችልም። ትራምፔቱ ከጊታሩ ጋር አንድ ጊዜ በቴፑ ላይ ከተዋሐደ የሚለያቸው የለም። ስለዚህ ድምፅ የሚመጠነው በእግር ነበር፤ ነፊዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ድምፃዊው ወደ ማይክራፎኑ ይጠጋል፣ ከበሮው ጥግ ይይዛል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደ ገና ይጀምራሉ። በዚህም ምክንያት በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ የቀረጻው አድማጭና ተቺ ነበር። ባዙ ዘፋኙን እንደ ዋጠው ለመናገር የድምፅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አጠገብ መቆም ይበቃል። የዚያ ዘመን ቀረጻዎች ዛሬም ሲሰሙ ሕይወት ያላቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ከሁሉ የሚያሳምነው ግን ይህ የመደማመጥ ግዴታ ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ ሲያጠብብ ሙዚቃው በካሴት ወደየቤቱ ገባ። የየቀበሌው የኪነት ቡድን ደግሞ ለብዙ ወጣት ጊታርና ድምፅ ማጉያ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካበት ስፍራ ሆነ። ሁለት ካሴት ማጫወቻ ያገኘ ሰው በአንዱ የቀዳውን እያሰማ በላዩ እየዘፈነ በሌላው መቅዳት ይችላል፤ ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ቅጂ በተደረበ ቁጥር ግን የቴፑ ሹክሹክታ ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ድምፅም ይደበዝዛል። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል በቤቱ ሆኖ ጊታሩን በጊታሩ ላይ ደራርቦ የቀዳበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያሳትም የተጠቀመው በዚሁ ብልሃት ነበር፤ የእሱ መሣሪያ ካሴት ሳይሆን ሸክላ መሆኑ ብቻ ይለያል። አራት ትራክ በአንድ ተራ ካሴት ላይ የሚቀዳው የታስካም መሣሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

አዲሱን አሠራር ከኢትዮጵያውያን መካከል ጎልቶ የሚያሳየው ሥራ ከዋሽንግተን መጣ። አቶ ኃይሉ መርጊያ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ያለፉ፣ ኋላም ካዛንቺስ አጠገብ ባለው ሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ለዓመታት የተጫወቱ ባለሙያ ናቸው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የሚያውቁት ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን በምት መሣሪያ ላይ ብቻቸውን እየደረቡ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጹ። የባንድ ጓደኛ በሌለበት ስፍራ አንድ ሰው ባንድ ሆነ። ካሴቱ በአገር ቤት ተሰማ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና አሳተመው። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለሙያው በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር።

የዛሬው የቡልጋሪያ ወጣት የእኒህ ወራሽ ነው። ትራኩ ቁጥር የለውም፤ የተሳሳተውን አንድ ቃል ብቻ ቆርጦ መተካት ይችላል። ሆኖም አዳራሹ የሰጠው የነበረውን የሌላ ሰው ጆሮ አጥቷል። ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የሠራውን ጠዋት ሲሰማው ሌላ ዘፈን ሆኖበት ይገረማል፤ ባዙን ያበዛው ማዳመጫው ባዙን ስለ ቀነሰበት መሆኑን ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል።

ለዚህ ጆሮ ማስተማሪያ የሚሆነው ስፍራ ሩቅ አልነበረም። ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የወሰደው ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ሠፈር ነበር። በጠባብ ክፍል ማሲንቆና ክራር ከሰው ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚመጣጠኑ፣ አዝማሪው ወደ እንግዳው ሲቀርብና ሲርቅ ግጥሙ እንዴት እንደሚለወጥ በአንድ ምሽት ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የሠፈሩ ብዙ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንዲቃም ከነባር ቦታው ተነሣ። መንገዱ ሰፍቶ ይሆናል፤ የእነዚያ ክፍሎች ድምፅ ግን ከተቀዳው በቀር የትም የለም።

ወጣቱ እስከዚያው ሌላ ዳኛ አግኝቷል። የጨረሰውን ዘፈን በስልኩ ይዞ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይገባና ሾፌሩን እንዲያሰማለት ይለምናል። ባዙ በሩን ሲያንቀጠቅጠው፣ ረዳቱም ዘፋኙ ምን እንዳለ ሲጠይቀው፣ ወርዶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።