ቴዎድሮስ ዳግማዊ፣ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት

እ.ኤ.አ. በ897 ለ20 ቀናት ያህል ብቻ በመንበረ ጴጥሮስ የተቀመጠ ሮማዊ ነው። ዘመኑ ቢያጥርም ሥራው ከብዙዎች ረጅም ዘመን ይልቃል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ያኔ በመንበሩ የነበረው እስጢፋኖስ ስድስተኛ የሟቹን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የፎርሞሱስን አስከሬን ከመቃብር አውጥቶ፣ ልብሰ ጵጵስና አልብሶ፣ ዙፋን ላይ አስቀምጦ ከስሶት ነበር፤ ጣቶቹ ተቆርጠው ሬሳው ቲቤር ወንዝ ተጣለ፣ የሾማቸው ካህናትም ክህነታቸው ፈረሰ። ቴዎድሮስ ሲኖዶስ ጠርቶ ፍርዱን ሻረ፤ ካህናቱን ወደ ማዕረጋቸው መለሰ፤ ከወንዙ የተገኘውንም አስከሬን በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በክብር አስቀበረ።

ውሳኔውን በ898 ያጸናው ተተኪው ዮሐንስ ዘጠነኛ ነውና ምስጋናው ለእርሱ ይገባል የሚል ይኖራል። ዮሐንስ ያጸናው ግን አስቀድሞ የተወሰነውን ነው፤ የፎርሞሱስ ጠላቶች ገና ብርቱ ሳሉ የደፈረው ቴዎድሮስ ነው። ሰርግዮስ ሦስተኛ ኋላ ያንኑ ክህነት ዳግመኛ ማፍረሱም ጠቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል እንጂ የቴዎድሮስን ድፍረት አያሳንሰውም።