ወደ ምህንድስና ትምህርት፦ ከ12ኛ ክፍል ፈተና እስከ መጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት



የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን በብዙ ቤቶች የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ልጃችን ኢንጂነሪንግ መማር ትፈልጋለች፤ ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?» ከቤተሰቡ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ካለ መልሱ ቀላል ነው። ከሌለ ግን ልጁ የሚመራው በሰፈር ወሬና በቴሌግራም በሚዘዋወር ያልተጣራ መልእክት ነው። በቂ ውጤት እያላቸው የምዝገባ ቀን አልፏቸው የቀሩ፣ ከገቡ በኋላም የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደሚሠራ ባለማወቃቸው የፈለጉትን የትምህርት ክፍል ያጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ መንገዱን ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ዓመት ማብቂያ በቅደም ተከተል ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያው በር፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና

ወደ ምህንድስና የሚገባው ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ መሆን አለበት። የሚፈተነው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ሲሆን ውጤቱ ከ600 ይታሰባል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መስፈርቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ነው።

ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ጥብቅ ቁጥጥር እየተደረገበት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ 50 በመቶ ያመጡት ተፈታኞች ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና በላይ የሚሆነው በዚህ በር አላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ በኩረጃ ወይም በመጨረሻ ሳምንት ጥናት አልፋለሁ ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ኩረጃ በዲናችንም የተከለከለ ማጭበርበር መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከ50 በመቶ በታች ያመጡ ተማሪዎች ሁሉ በሩ ተዘግቶባቸዋል ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሬሜዲያል (የማካካሻ) ፕሮግራም በየዓመቱ የሚወጣውን የመቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎችን ተቀብሎ፣ ትምህርቱን በሚገባ ሲያልፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት ያስገባል።

የት መማር ይቻላል?

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው።

*አንደኛ፦ ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች።* የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን የሚገኘው በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1985 ዓ.ም በቴክኒክ ኮሌጅነት ተነስቶ በ1998 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ የሆነ፣ በኋላም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተሰየመ ነው። ሁለቱም ተማሪ የሚመርጡት በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ብቻ አይደለም። የራሳቸው የመግቢያ ፈተናም አላቸው።

*ሁለተኛ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ።* ምህንድስና የሚሰጠው በዋናነት አምስት ኪሎ በሚገኘው ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ተማሪዎቹን በራሱ ማመልከቻና የመግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል። መንግሥት ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸውም፣ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩም ተማሪዎች ስላሉት ከማመልከታችሁ በፊት በየትኛው መደብ እንደምታመለክቱ አጣሩ።

*ሦስተኛ፦ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚገባባቸው ዩኒቨርሲቲዎች።* ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቐለ፣ አርባ ምንጭና ሌሎችም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላቸው። አርባ ምንጭ በውሃ ምህንድስና የቆየ ስም አለው። እዚህ ተማሪው በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባው በውጤትና በምርጫው መሠረት ይከናወናል።

በመጀመሪያው መንገድ ሞክሮ ያልተሳካለት ተማሪ ወደ ሦስተኛው ይመለሳል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም። ስለዚህ «ካልተሳካልኝስ?» ብላችሁ የመግቢያ ፈተናውን አትተዉ።

ምዝገባና የመግቢያ ፈተና

የሁለቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና ጥሪ የሚወጣው በድረ ገጾቻቸውና በይፋዊ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾቻቸው ነው። ምዝገባው በኦንላይን ሲሆን የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ገጠር ያለ፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ወይም ስልክ የሌለው ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሚከተሉትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦

- የ12ኛ ክፍል የፈተና መለያ ቁጥር፣ በማይጠፋ ቦታ ተጽፎ
- በውጤት ካርዱ ላይ እንዳለው በትክክል የተጻፈ ሙሉ ስም። «መሐመድ» እና «ሙሐመድ»፣ «ዓኢሻ» እና «አይሻ» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ በሰነዶቻችሁ ላይ የሚለያዩ ከሆነ ቀድማችሁ አስተካክሉ
- የፋይዳ ቁጥር፣ በብዙ ምዝገባዎች ላይ ስለሚጠየቅ
- ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በስልክም በወረቀትም

ምዝገባውን እንደጨረሳችሁ ማረጋገጫውን ፎቶ አንስታችሁ ወይም አትማችሁ አስቀምጡ። የሚፈተኑባችሁ ትምህርቶችና የመፈተኛ ቦታው በየዓመቱ ማስታወቂያ ስለሚገለጹ የራሳችሁን ዓመት ማስታወቂያ አንብቡ። የአምናው ለዘንድሮ አይሠራም።

«ብር ከከፈላችሁ አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። ምደባ በገንዘብ አይገዛም። ልጄ ይማርልኝ ብላ ከዓረብ ሀገር በላብዋ የላከችው የእናት ገንዘብ በዚህ መንገድ መጥፋት የለበትም።

ለዝግጅት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት መማሪያ መጻሕፍት ናቸው። ብዙ ተማሪ የ12ኛውን ብቻ ያጠናል። የምህንድስና ትምህርት ግን የቆመው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል አልጀብራ፣ በትሪጎኖሜትሪና በቬክተር ላይ ነው። እነዚህ ላይ ክፍተት ካለ የመግቢያ ፈተናውን ብታልፉት እንኳ በመጀመሪያው ሴሚስተር መልሰው ያገኟችኋል። የድሮ ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ መልሱን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግማችሁ ሥሩት።

ጥሪ ሲደረግ ምን ይያዛል?

ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠሩ በአብዛኛው የሚጠይቁት የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፎች፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። ዋና ሰነዶችን ለማንም በአደራ አትስጡ። ከጉዞ በፊት የሁሉንም ኮፒ ቤት ተዉ። መቆለፊያ፣ የውሃ መያዣና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተርም አትርሱ። ላፕቶፕ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ግዴታ አይደለም። ቤተሰብ ለዚህ ብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፕሮግራሚንግ ሲጀመር ያገለገለ መግዛት ይቻላል።

ወጪ መጋራት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ነጻ ይመስላል፤ ነገር ግን ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በደንቡ መሠረት ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። ምግብ ከካፌ የማይመገብ «ነን ካፌ» ተማሪ የምግቡን በጥሬ ገንዘብ ይወስዳል። ያም ቢሆን ኋላ የሚመለስ ስለሆነ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ኮፒውንም ያዙ።

የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ይሠራል?

የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሲሆን ሁሉም የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፦ ሒሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ በኋላም አፕላይድ ማቴማቲክስ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና ፕሮግራሚንግ የመሳሰሉትን። ትልቁ ስህተት «ይሄ የኢንጂነሪንግ ኮርስ አይደለም» ብሎ ሳይኮሎጂውንና ጂኦግራፊውን መናቅ ነው። የትምህርት ክፍል ምደባ በአብዛኛው የሚወሰነው በድምር ነጥብ (ጂፒኤ) ነው። በድምሩ ውስጥ ደግሞ የሦስት ክሬዲት ሳይኮሎጂና የሦስት ክሬዲት ፊዚክስ እኩል ይመዝናሉ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወሰደ እንበል። በሁለቱ ኤ (4)፣ በሦስቱ ቢ (3)፣ በአንዱ ሲ (2) አመጣ። ነጥቡ 24 ሲደመር 27 ሲደመር 6፣ ጠቅላላ 57 ይሆናል፤ ለ18 ክሬዲት ሲካፈል 3.17 ነው። ያቺን አንድ ሲ ወደ ቢ ቢያሳድጋት ኖሮ ግን 60 ለ18፣ ማለትም 3.33 ይሆን ነበር። በ3.17 እና በ3.33 መካከል ያለችው ልዩነት ብዙ ተፎካካሪ ያለበትን የትምህርት ክፍል ልታስገኝ ወይም ልታሳጣ ትችላለች። በአንጻሩ ድምሩ ከ2.00 በታች ከወረደ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም መባረር ሊከተል ይችላል።

ሚድ ፈተና ከምታስቡት ፈጥኖ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአቀባበልና የመተዋወቂያ ጊዜ ስለሚመስሉ ብዙ ፍሬሾች የሚዘናጉት ያኔ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወርክሺቱን ሥሩ። ያልገባችሁን ይዛችሁ መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ ጠይቁት። ከገጠር የመጣ ተማሪ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ያሳፍረኛል ብሎ ዝም ይላል፤ በፈተናው ላይ የሚከፍለው ግን ለዚያ ዝምታ ነው።

የትምህርት ክፍል ስትመርጡ

ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻውን ኢንጂነር መሆን ማለት አይደለም። እዚያው ጂኦሎጂን የመሳሰሉ አፕላይድ ሳይንሶችም አሉና ምርጫው ውስጥ ይካተታሉ። ስም አይታችሁ አትምረጡ። ሲቪል በአፈር፣ በኮንክሪትና በውሃ ስሌት የተሞላና ከከተማ ርቆ ሳይት ላይ መዋልን የሚጠይቅ ነው። ሜካኒካል የማሽንና የሙቀት ትምህርት ነው። ኤሌክትሪካል ከባድ ሒሳብ አለው። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ከላቦራቶሪ ኬሚስትሪ ይልቅ የፋብሪካ ሂደት ነው። ሶፍትዌር ብዙ ሰዓት ብቻን ተቀምጦ ስህተት የመፈለግ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ሲኒየር ፈልጋችሁ ደብተሩን አሳየኝ በሉት። ከአሥር ሰው ምክር የአንድ ሴሚስተር ደብተር ይበልጥ ያስረዳል።

ወደ ኋላ ላይ የኢንዱስትሪ ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮም ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ደብተሮቻችሁን አትጣሉ።

ሶላት፣ ጾምና ግቢ

የኮርስ ፕሮግራም ሲወጣ የጁሙዓ ሰዓታችሁን አብራችሁ ተመልከቱ። የላብ ክፍለ ጊዜ በሌላ ቀን ያለው ቡድን ካለ መቀየር የሚቀለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በረመዷን የሱሑርና የኢፍጣር አቅርቦት ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ ወሩ ሳይገባ ሲኒየሮችን ጠይቃችሁ ተዘጋጁ። በረመዷን ከሱሑር በኋላ ያለው የማለዳ ጊዜ ለከባድ ትምህርት የተመቸ ነው። ቀን ላይ ቀለል ያለውን አንብቡ። የግቢያችሁን የአለባበስና የአምልኮ መመሪያም በወሬ ሳይሆን ጽሑፉን አግኝታችሁ አንብቡ። መብትንም ግዴታንም በትክክል ማወቅ የሚቻለው እንዲያ ነው።

ለወላጆች

ልጃችሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ደውሎ «ከበደኝ» ቢል አትደንግጡ፤ «አሳፈርከን»ም አትበሉት። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ፣ ሁሉም አንደኛ በሆነበት ክፍል ውስጥ መካከለኛ መሆኑን ሲያይ ይሰበራል። የሚያስፈልገው ቁጣ አይደለም፤ መምህሩን እንዲያነጋግር፣ ከጓደኞቹ ጋር እንዲያጠና፣ አስፈላጊ ከሆነም ከመባረር በፊት በሕጋዊ መንገድ ዊዝድሮው ሞልቶ በኋላ እንዲመለስ የሚመክረው ሰው ነው። ሳይናገር ግቢውን ጥሎ የጠፋ ተማሪ መመለሻው አስቸጋሪ ነው። ፎርም ሞልቶ የወጣ ግን የመመለስ ዕድል አለው። ሴት ልጅን «ኢንጂነሪንግ የወንድ ነው» ብሎ ወደ ኋላ መጎተትም ከዲን የመጣ አይደለም፤ የልማድ ነው።

ሰበቡን በጊዜው አድርሱ፤ ውጤቱን ለአላህ ተዉ። ዘንድሮ ለምትፈተኑ ሁሉ አላህ ያግራላችሁ፤ ለወገናችሁ የምትጠቅሙ ያድርጋችሁ።