የማይቆጠረው ጉዳት፦ አል-ጣኢፍ፣ መተማና የሥራ አደጋ ምጣኔ

አገሮችንና ክልሎችን በሥራ ላይ አደጋ የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ሁለት ነገሮችን ቀላቅሎ ያቀርባል፦ የሥራውን አደገኛነትና የመዝጋቢውን ትጋት። ሞትን በሚመለከት የመጀመሪያው ያመዝናል። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ የነዳጅ ቁፋሮ በደራበት በ2012 እ.ኤ.አ. ከ100,000 የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 17.7 ሞተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 3.4 ነበር። አስከሬን መደበቅ ስለሚያስቸግር ይህን ልዩነት ማመን ይቻላል። ከሞት በመለስ ያለው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ሩማንያና ቡልጋሪያ በሥራ ላይ ሞት ከአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚዎቹ ተርታ ሲሰለፉ፣ በሌላው ጉዳት ዝቅተኛውን ቁጥር ከሚያቀርቡት ውስጥ ናቸው። ሰው እየሞተበት ጣት የማይቆረጥበት የሥራ ቦታ ስለሌለ፣ ዝቅተኛው ቁጥር የሚለካው ደህንነትን ሳይሆን ዝምታን ነው።

ካርቱም ውስጥ ይህ ዝምታ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2019 በባሕሪ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በሳሉሚ የሴራሚክ ፋብሪካ ጋዝ የጫነ ቦቴ ፈንድቶ ቢያንስ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ከጥቁር ዓባይ ወዲህ፣ በምሥራቅ ካርቱም የሚገኘው አል-ጣኢፍ ግን የመኖሪያ ሰፈር ነው። በማንኛውም የኢንዱስትሪ አደጋ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከ2023ቱ የሱዳን ጦርነት በፊት እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ግቢ ውስጥ ያበስሉ፣ ያጥቡ፣ ሕመምተኛ ያነሡ የነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የፈላ ዘይት፣ ከፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ መወልወል፣ በረኪናን ከአሲድ ጋር ሲቀላቅሉት የሚወጣው ክሎሪን፣ የእንቅልፍ እጦት፤ ይህ ሁሉ የሥራ ላይ አደጋ ነው። በቤት ውስጥ ሲደርስ ግን “የቤት ውስጥ አደጋ” ተብሎ ይታለፋል።

ሕጉም ለዚህ አመቻችቷል። የሱዳን የ1997 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ለ1955ቱ የቤት አገልጋዮች ሕግ ትቷቸዋል፤ ከመሣሪያና ከፋብሪካ ጋር ያልተያያዘ የእርሻ ሠራተኛንም አያቅፍም። የእኛም የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ አቆይቶታል። ስለዚህ ሠራተኛዋ በምጣኔው ላዕል ውስጥ የለችም፤ በታሕቱም ውስጥ የለችም። ምጣኔው ዝቅ አላለም፤ ጨርሶ አልተሰላም።

በሽታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ካርታው ራሱ ይሳሳታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት በየዓመቱ በሥራ ምክንያት ከሚሞቱት ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች 2.6 ሚሊዮኑ የሚሞቱት በበሽታ ነው፤ በአደጋ የሚሞቱት 330,000 ያህል ናቸው። ከአማራ ደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ፣ ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የሚሠራው ዋልካ መሬት ላይ ነው። በበጋ በሚሰነጠቀው አፈርና በግራር ሥር የአሸዋ ዝንብ ይኖራል፤ ሠራተኛው ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያድራል፤ ዝንቡም ካላዛርን ያስይዘዋል። በሽታው የሚታወቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ደመወዙን ይዞ አገሩ ከገባ ወዲያ ነው። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም በ2005 እ.ኤ.አ. የታወቀው ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። በሽታው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ በኋላ እዚያው መዛመቱም ታይቷል። በሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የታማሚው ቀበሌ ስለሆነ ሰሊጡ ያስከተለው ሕመም የደጋው ሕመም ሆኖ ይቆጠራል። ለእርሻ ባለሀብቱ ይህ ጥሩ ዜና ነው።

ከካርቱም በጦርነቱ ተፈናቅለው በመተማ የገቡት ተመላሾችም እንዲሁ ናቸው። የተቃጠለ ክንዳቸውን፣ የታመመ ወገባቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የጤና ባለሙያ ግን የሚያክመው የኢትዮጵያ ታማሚን እንጂ የአል-ጣኢፍን ሠራተኛ አይደለም። ይህን የመዝገብ ክፍተት ለመሙላት አዲስ ተቋም አያስፈልግም። በጎንደር፣ በመተማና በሁመራ ሆስፒታሎች የታማሚ ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ “ባለፉት ሁለት ዓመታት የት፣ ምን ሥራ ሠርተዋል?” የጤና ሚኒስቴር ይህን ሳያደርግ በክልሎች መካከል የሚያወጣውን የሥራ በሽታ ንጽጽር አንባቢ በጥርጣሬ ቢያነበው አይፈረድበትም።