ከሰገራ ምርመራ እስከ ጠቋሚ ባክቴሪያ

የአንጀትን ደዌ ለይቶ የማወቅ ጥበብ ረጅም ታሪክ አለው። በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ የኮሶ ትል የያዘው ሰው መርማሪው የገዛ ዓይኑ ነበር፤ የትሉን ቁራጭ በሰገራው ሲያይ የኮሶ አበባ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። በዓይን የማይታዩትን አሜባንና ጃርዲያን፣ የቢልሃርዝያንም እንቁላል ለመለየት ግን ማይክሮስኮፕ አስፈለገ። ዛሬም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ገጠሮች ዋነኛው የአንጀት ምርመራ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው ከአንጀት የወጣውን ብቻ ነው። አንጀት ሲቆጣ በውስጡ ተፈጥሮ የሚጠፋውን ኬሚካል አያሳይም። ለዚህ ምስክር የሚሆን የተገኘው ከራሳቸው ከአንጀት ባክቴሪያዎች መካከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ የተባሉ የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት፣ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የወተት ስኳር ሲያገኝ ብቻ ስኳሩን የሚያፈርሱ ጂኖቹን ሥራ እንደሚያስጀምር አስረዱ፤ በ1965ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከጂኑ ፊት የሚገኘውና «ፕሮሞተር» የተባለው የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል እንደ በር ነው፤ ተገቢው ምልክት ሲደርስ ይከፈታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል። ከበሩ ኋላ ቀለም የሚሰጥ ጂን ቢተከል፣ ባክቴሪያው ያጋጠመውን ይናገራል ማለት ነው።

በዚሁ መሠረት በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የፓሜላ ሲልቨር ቡድን በ2014 እ.ኤ.አ. በአይጥ አንጀት ያጋጠመውን መድኃኒት የሚያስታውስ ባክቴሪያ ሠራ። በ2017 ደግሞ ከሳልሞኔላ በተወሰደ ፕሮሞተር አማካይነት፣ አንጀት ሲቆጣ የሚፈጠረውን ቴትራታዮኔት የሚመዘግብ ባክቴሪያ በአይጥ አንጀት ውስጥ ስድስት ወር ቆየ።

ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ በ1917 እ.ኤ.አ. ተቅማጥ ካልያዘው ወታደር ያወጣው ኢ. ኮላይም ለዚሁ አገልግሎት ውሏል፤ በ2018 በሚዋጥ ካፕሱል ገብቶ በአሳማ ሆድ ውስጥ የደም መፍሰስን በብርሃን አመለከተ።

እነዚህ ሁሉ ገና ከሙከራ እንስሳት አልፈው የዘወትር ሕክምና አልሆኑም። ከዚህም በላይ የአይጦቹ ባክቴሪያ ምስክርነቱን የሚሰጠው ከሰገራ ተለይቶ በላቦራቶሪ ሲያድግ ነው፤ ይህም የማያቋርጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ጦርነት በሰሜን ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት የምርመራ መሣሪያዎቻቸውን አጥተዋል። ስለሆነም የመርሳንና የወልድያን ላቦራቶሪዎች ማጠናከር የዛሬውን በሽተኛ መርዳት ብቻ ሳይሆን፣ ለነገው ጥበብም መቀበያውን ማሰናዳት ነው።