ጎጆ መውጣት ለምን ዘገየ?

ባለፈው ሰሞን ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ኋላ ቀርተው አንድ ነገር ጠየቁኝ። «መምህር፣ እኔ በሃያ ዓመቴ አባወራ ነበርኩ። ልጄ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ከእኔ ምድጃ ዳር አልተነሣም። ሰነፍ ወልጄ ነው ወይስ ዘመኑ ነው?» አሉኝ። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የእኔንም ቤት የሚነካ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። እስቲ ከሥሩ እንመልከተው።

በቀድሞው ዘመን በጎጃምና በጎንደር ገበሬው መሬት የሚያገኘው በርስት ነበር። ርስት ከዋናው አባት የሚወርድ መብት ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፣ ሁለቱም ወገን ከብት ያዋጣል፣ አባት ከማሳው ቆርሶ ይሰጣል፣ ጎረቤት በደቦ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ መርጎ ቤት ያቆማል። ጎጆ ወጣ የሚባለው ይሄኔ ነው። ልብ በሉ፣ ወጣቱ ብቻውን አልወጣም፤ መንደሩ ነው ያወጣው። አንድ ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ማሳ፣ አንዲት ሚስት፣ በቃ፣ ትናንት «አንተ» ሲባል የነበረው ዛሬ ሰው ፊት የሚቀመጥ አባወራ ነው።

ታዲያ ያ ጊዜ ማር ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙው ሙሽራ የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት ዓመት እዚያው አባቱ ግቢ ተቀምጦ የአባቱን መሬት ያርስ ነበር። አባት ካልወደደው ማሳው ይዘገያል፤ ቀሪው ርስት ደግሞ በሙግት የሚገኝ ነው። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ጎጆ ቢወጣም የሚያርሰው የባለመሬቱን መሬት ነውና በማንኛውም ጊዜ ሊነቀል ይችል ነበር። ቶሎ ራስን መቻል የምንለው ነገር፣ ቶሎ መጀመር እንጂ ሙሉ ነፃነት አልነበረም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት ያገኛል፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ግን ከ10 ሄክታር አይበልጥም ተባለ። መሬቱን የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። አባቴ ጎጆ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ከማኅበሩ 8 ጥማድ፣ ማለት 2 ሄክታር ያህል፣ ተመራ። የአያቴን ፊት አይቶ፣ ምርቃት ጠብቆ አይደለም፤ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነው። ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ድምፁ ይለወጣል።

ነገር ግን መሬት እንደ ሰው አይወልድም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአገራችን ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ፣ ኤርትራ ከተለየች በኋላ እንኳ፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ተደለደለ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ አለ፤ የሚደለደለው መሬት ነው ያለቀው። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ድልድል ጊዜ አራስ ነበር። አራስ መሬት አይመራም። አሁን ያለው መንገድ የአባታችን 8 ጥማድ ለአምስታችን መከፈሉ ነው፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፣ ለአንድ ሰው 2 ጥማድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወንድሜ የአንዲት ባልቴት መሬት በእኩል ያርሳል፤ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። በዚህ ሁኔታ ማን ልጁን ይድርለታል?

«ይማራ እንግዲህ» ትሉ ይሆናል። እኔም ያን ብዬ ነው የተማርኩት። ቀድሞ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ጸሐፊ ወይም መምህር ሆኖ ይቀጠር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተመራቂውን መንግሥት እየጠበቀ ይወስደው ነበር፤ በደርግም ዘመን ተመራቂ ሥራ አይፈልግም፣ ይመደባል። መምህራን ማሠልጠኛውም 12ኛ ክፍል የጨረሰውን በአንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደ ክፍል ይልክ ነበር። ኋላ ሦስት ዓመት ሆነ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው፤ ዲግሪ የያዘውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይውላል። ትምህርት መስፋፋቱ ክፉ ነው አልልም፤ እንጀራዬ እሱ ነው፤ እናንተም ለእሱ ነው ማታ ማታ የምትመጡት። ግን አባቶች በስምንት ዓመት ትምህርት የገዙትን ወንበር ልጆች በአሥራ ስድስት ዓመትም አላገኙትም። ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ልጁንም ቶሎ አትውቀሱት።

በከተማ ያለው ጣጣ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ቀነሰ። የቀበሌ ቤት ያገኘ ተጠቀመ። ልጆቹ ሲያድጉ ግን ሌላ ቤት የለም፤ መጋረጃ ጋርደው፣ ቆጥ ሠርተው ከነሚስታቸው እዚያው ቀሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም መሠራት ጀመረ፤ በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምዝገባ ሲከፈት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ለዕጣ እየቆጠቡ ፀጉራቸው የሸበተ አሉ።

ስለ ሴቶቹ ግን ሌላ ነገር ልናገር። የእናቶቻችንን ቶሎ ማግባት ራስን መቻል ብለን እንዳንጠራው። እናቴ በ13 ዓመቷ ከአባቷ እጅ ወደ አማቷ እጅ ነው የተላለፈችው፤ የወጣችው ጎጆ የማን ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ሕጉ ወጣ እንጂ ነገሩ በቀስታ ነው የሄደው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። ለእነሱ መዘግየቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሌላዋ ደግሞ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ የወላጆቿን ቤት ቆርቆሮ ታለብሳለች። ቤተሰቡን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ አገር ቤት ስትመጣ ግን «ልጅቱ መጣች» ነው የሚባለው።

የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። መንደር ግን ዕድሜ አይቆጥርም፤ ጎጆ ነው የሚቆጥረው። ወንድሜ ዘንድሮ 29 ሞላው። ባለፈው ጎረቤት ሲሞት መቃብሩን ሲቆፍር ያደረው እሱ ነው፤ አግዳሚውን የተሸከመውም እሱ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ እጅ ያስታጠበውም እሱ። አባታችን እግሩን ታሞ ተኝቶ ነበር። ሲመሻሽ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ የአባልን ስም ጠራ። የአባታችን ስም ተጠራ። ወንድሜም ማስታጠቢያውን እንደያዘ ከበሩ አጠገብ «አቤት» አለ።